የወለተ ሐና ስንዴ

ልጅ ሆኜ ከጎታ ጀርባ ተኝቼ የሰማሁት ነገር ነው፤ ግማሹ ጠፍቶኛል። አያቴ እሜቴ ተዋበች ከአንዲት የጎረቤት አሮጊት ጋር ጥጥ እየፈተለች ትጫወታለች። ጉንፋን ይዞኝ ተሸፋፍኜ ስለ ነበር የተኛሁ መስሏቸዋል። «በቃሬዛ ነው ያመጧት» አለች አያቴ። «እኔ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከፊት የተሸከመው አባቴ ነበር።» ጎረቤቲቱ የመለሰችውን አላስታውሰውም፤ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ይመስለኛል፣ ወይም ስለ አንድ በሬ። ቀጥሎ አያቴ ያለችው ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ምን እንላለን፤ እኛኮ የዋሱ ልጆች ነን።» እንዝርቷ ቆመ። ሌላይቱ «ዝም በይ፣ ልጅ አለች» አለቻትና ወሬው ወደ ጨው መወደድ ዞረ።

ማን በቃሬዛ እንደ መጣች፣ ማን ለማን ዋስ እንደ ነበረ ሳልጠይቅ አያቴ ሞተች። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፤ ንፋስ መውጫ ከተማ የተወልኝን ቤት ከፋፍዬ ሁለቱን ክፍል ለመንግሥት ጸሐፊዎች በወር አራት አራት ብር እያከራየሁ መኖር ጀመርኩ። ያ ቃል የተመለሰብኝ በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ የወንድሜ የደሴ ልጅ ብርቱካን ከባሏ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ወጥታ ወደ አባቷ በመጣች ማግስት ነው።

የደሴ ቤት ከገበያው በላይ ነው። ቆርቆሮ ከለበሰ ገና ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጣራው አንዴ ይጮህና ዝም ይላል፣ የለመደ ሰው ልብ አይለውም። ግድግዳው በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ ከመደቡ ፊት ለፊት ደሴ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ያስመጣት አግዳሚ ወንበር አለች፣ እንግዳ ካልመጣ ማንም አይቀመጥባትም። ጓዳው በአበባ መጋረጃ ተከልሏል፤ መጋረጃው ብርቱካን ስትዳር ከባሏ ከዋለ ሱቅ የመጣ ነው፣ ክንዱ ብር ከሃምሳ የሚሸጠው ዓይነት። ጠዋት ስደርስ ወንድሜ ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ውብነሽ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች፤ ምስሩ ንጹሕ ነው፣ እሷ ግን ትለቅማለች። ብርቱካን ከመጋረጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ሆና በሩን ታያለች። ሦስቱም ካደሩ ወዲህ የተነጋገሩ አይመስሉም። ሰላምታ ስሰጥ ውብነሽ የተከራዮቼን ደኅንነት ጠየቀችኝ፣ አንዱ ወደ ወልድያ ሊዛወር ነው አልኳት፣ «አይ ሰው» አለች፣ ወሬው እዚያው ላይ አለቀ።

ከብርቱካን አጠገብ በግራዋ በኩል ተቀመጥኩና ጎንበስ ብዬ «እህል ቀምሰሻል?» አልኳት። ዝም አለች። እፍረት ነው ብዬ ትንሽ ቆይቼ ደገምኩላት። አሁንም ዝም። ክንዷን ስነካት ደንግጣ ፊቷን በሙሉ ወደ እኔ አዞረች፤ «ምን አልሽኝ እትዬ ሙሉ?» ሻሿን ከግራ ጆሮዋ ገለጥ አድርጌ ልይ ስል እጄን ይዛ አወረደችው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ተከተለችኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት፣ አሁን በቀኟ በኩል።

«ከኅዳር ሚካኤል።»

«ለአባትሽ ንገሪው።»

«ለመቅረት ሰበብ አመጣች ይለኛል። ባለፈው ክንዴን ሳሳየው ያለኝን አንቺም ሰምተሻል። እንዳትነግሪው፣ በማርያም።»

ሰምቻለሁ። «ክንድ ይድናል፣ የፈረሰ ቤት ግን አይድንም» ነበር ያላት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። በከተማው ነገር የተጣላ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ነው፤ የሰው ቤት ሲያቆም ኖሮ የልጁ ቤት ሲፈርስ ማየት ይጨንቀዋል። በእኛ አገር ተመትታ የወጣችን ሚስት ባል መልሶ የሚወስደው ዳግመኛ እጁን እንደማያነሣ ዋስ ጠርቶ ነው፤ ዋስ ያጣ ባል ሚስቱን ይዞ አይሄድም። ዋለ የስማዳ ሰው ነው፣ አቡጀዲና መጋረጃ ሊነግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ በከተማው ወገን የሌለው። ባለፈው ዓመት ብርቱካን መጀመሪያ ስትወጣ ሽማግሌ ተቀምጦ «ዋስ ጥራ» ሲባል ዋለ አንገቱን ደፋ። ያኔ ደሴ ከመደቡ ተነሥቶ «እኔ አለሁ» አለ። አባት ለገዛ ልጁ ባል ዋስ ሲሆን ያን ቀን አየን። ሽማግሌው ሁሉ መረቀው። ስለ ትልቅነቱ በየጠላ ቤቱ ተወራ። ብርቱካን ሻሿን አስራ ተከትላው ሄደች፣ የዓመት ከሁለት ወር ነገር ነው።

ከጓዳ ስንወጣ ደሴ አፉን ከፈተ። ለማንም አልተናገረም፤ ለግድግዳው ጋዜጣ ነው የተናገረው። «ከሰዓት ግራዝማች ፈንታው ለሽምግልና ይመጣሉ። ዋለም ይመጣል። ነገሩ ዛሬ ያልቃል» አለ። ቀጥሎ በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳርም ስትጣላም የሚነገረውን ነገር አነሣ። «ማንጠግቦሽ እስቴ ተድራ፣ የጦር ሰው አግብታ፣ ምን ያላየችው አለ? ችላ ኖረች። ባሏ ደጅ ተቀበረች። አንድ ቀን የአባቷን ቤት ጢስ ልይ አላለችም።» ማንጠግቦሽ የአያታችን የእሜቴ ተዋበች አክስት ናት፣ የቅድመ አያታችን የመንግስቴ እኅት። ከዘጠና ዓመት ወዲህ ሰዎቻችን ሙሽራ ሲመርቁ «እንደ ማንጠግቦሽ ያድርግሽ» ይላሉ። እኔም ተመርቄበታለሁ። ብርቱካንም ተመርቃበታለች። ልጅቱ አባቷ በግራዋ ስለ ነበር ይህን ሁሉ ሲል የሰማችው አልመሰለኝም፤ እሱ ግን ዝምታዋን እንደ ድፍረት ቆጥሮ «ድንጋይ ሆናለች» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ሌላ ነገር አዘዘኝ። የወለተ ሐና ስንዴ ቀኑ ደርሷል። ቤታችን በየዓመቱ ጥር ሲያልቅ ለአባቶቻችን አጥቢያ ለማርያም አንድ ስልቻ ስንዴ ይሰጣል፤ ካህናቱም በዚያ «ወለተ ሐና» የምትባል ነፍስ ስም ጠርተው ይጸልያሉ። ወለተ ሐና ማን ናት ሲባል አባታችን «የጥንት መነኩሲት ናት፣ አባቶቻችን የተሳሉላት» ይል ነበር፤ ሌላ አልጠየቅንም። ሁልጊዜ የሚወስደው ደሴ ነው፤ ዘንድሮ ሽማግሌ ሊጠብቅ ነው። «አንቺ ሂጂ» አለኝ። «አህያዋን ጫኝ። ሽማግሌ ሳይቀመጥ ትመለሻለሽ።»

መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በገብስ ቃርሚያ መሀል ይወርዳል። ነፋሱ ከኋላዬ ነው። አህያዋን ነድቼ ስሄድ አንድ ሰርገኛ ከወደ ቆላው ሲመጣ አገኘሁ፤ ሙሽራዪቱ በቅሎ ላይ ተሸፋፍናለች፣ ሚዜዎቹ ከበሮውን ይመቱታል። ከመንገድ ወጥቼ አሳለፍኳቸው። አንዲት አሮጊት ከሰርገኛው ተለይታ «መርቂልን እንጂ እናቴ» አለችኝ። አፌ የለመደውን ሊል ከፈትኩት፤ ማንጠግቦሽ የሚለው ስም አልወጣ አለኝ። «ማርያም ትጠብቃት» ብዬ አህያዬን ነዳሁ። ለምን እንዳልወጣ ያኔ አላወቅኩም። የብርቱካን ጆሮ ይሆናል። በልቤ ግን አያቴ ጥጥ እየፈተለች ያለችው ቃል ይመላለስ ጀመር።

አለቃ ታፈረን ያገኘኋቸው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፅ ይለያሉ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እጃቸውን ወደ ስልቻው ሰደው ከስንዴው ቆንጠር አድርገው በጣታቸው ፈተጉት።

«የደሴ ቤት ስንዴ ዘንድሮ ቀለለ።»

«ዝናቡ ቀድሞ ቆመ፣ አለቃ።»

«ወለተ ሐናስ አታማርርም። ኖራም አላማረረች።»

እንደዚያ ሲሏት፣ የሚያውቋት ሰው አስመሰሏት። ቁጭ አልኩ። «አለቃ፣ ወለተ ሐና ማን ነበረች?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አነሡ። «ዘጠና ዓመት አብልታችኋት ዛሬ ማን ናት አላችሁ?»

«መነኩሲት ናት ይሉናል።»

«አዎ» አሉ፣ ፈገግታ ቢጤ በጢማቸው አልፎ። «ባል ያላት መነኩሲት።»

ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ። እኔ ደፍ ላይ ቀረሁ። ውስጥ ሆነው ዲያቆኑን ሲጠሩ፣ ማኅደር ሲፈታ፣ ብራና ሲገለጥ ይሰማኛል። እሳቸው ማየት ስለማይችሉ ዲያቆኑ በወንጌሉ ኅዳግ የተጻፈውን አነበበ፤ እሳቸው ደግሞ እሱ ሳይጨርስ አብረውት በቃላቸው ይሉታል። «እኔ መንግስቴ ለእኅቴ ለወለተ ሐና ከጅረቱ በላይ ያለ መሬቴን ለማርያም ሰጠሁ። ለባሏ የተዋስሁ እኔ ነበርሁ። በዚህ ደጅ ተቀብራለች። በዕረፍቷ ቀን ስሟ ይጠራ። ልጆቼ ስንዴ ይስጡ።» ይኸው ነው። ሌላ የለበትም። አለቃ ወጥተው ቦታቸው ተቀመጡ።

«መንግስቴ ስንት እኅት ነበረው?» አልኳቸው፤ መልሱን አውቄዋለሁ።

«አንድ። እናቷ ማንጠግቦሽ ያለቻት።»

በቅዳሴና በፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ በቤት የሚጠራው እናት ያወጣችው ነው። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ካልቀረ አንዲቱ ሴት ሁለት ትሆናለች። እኛም አንዷን እስቴ ቀብረን ሙሽራ ስንመርቅባት፣ ሌላዋን እዚህ ማርያም ደጅ መነኩሲት አድርገን ስንዴ ስናበላት ኖርን።

አለቃ የቀረውን ከአባታቸው እንደ ሰሙት ነገሩኝ፤ ለማንጠግቦሽ ፍትሐት ያደረሱት የእሳቸው አባት ነበሩ። ነገሩ በአጼ ቴዎድሮስ መጨረሻ ነው፣ አገሩ ሁሉ ጦር በነበረበት። ማንጠግቦሽ ሦስት ጊዜ ከእስቴ በእግሯ መጥታለች። ሁለቱን ጊዜ ባሏ ከሰዎቹ መካከል ዋስ እየጠራ ወሰዳት። በሦስተኛው ሽማግሌው እዚያ ከጥዱ ሥር ሲቀመጥ ባልየው ብልጥ ነበር። «የኔን ሰዎች ካላመናችሁ፣ ዋሴ ወንድሟ ነው። ከሥጋዋ የሚቀርባት ዋስ አለ?» አለ። ሰው ሁሉ ወደ መንግስቴ ዞረ። መንግስቴ ደግ ሰው ነው፣ ቤት ሲፈርስ አይወድም፤ ባልየው ደግሞ ጠመንጃ ያዥ አጃቢ አለው። «እኔ አለሁ» አለ። ጥር ሳይወጣ መልእክት መጣበት። ራሱ ከፊት ሆኖ ተሸክሞ አመጣት። ነፍሷ አልወጣም ነበር፤ ግቢው ድረስ ደርሳለች። ቃሬዛው ሲወርድ «መንግስቴ፣ ዋስ ነበርህኮ» አለችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

«ደሟን አልጠየቀም» አሉ አለቃ። «ፈራ። ከፈራ በኋላ ደግሞ አፈረ። ለጠየቀው ሁሉ እስቴ በደኅና አለች ይል ጀመር፤ በኋላም እዚያው ሞታ ተቀበረች አለ። ልጆቹ ያንኑ ያዙ። ስሟን ደበቀ፣ ነፍሷን ግን አልደበቀም። መሬቱን አምጥቶ እዚህ ጣለው።»

«ለእኛ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀ፣ ሙሉነሽ? ስንዴ አምጥታችሁ በችኮላ ትሄዳላችሁ።»

መቃብሯን በበትራቸው አሳዩኝ። ከጥዱ ሥር የተከመረ ድንጋይ ነው፤ ሣር ወጥቶበታል። በልጅነቴ ተቀምጬበት ቆሎ በልቼ አውቃለሁ። የባለትዳር ሴት መቃብር በባሏ አጥቢያ ነው የሚሆነው። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ድንጋዩ ግን ደጃችን ላይ ነበር።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ አልደረሱም። ደሴን ወደ ጓዳ ጠርቼ ቆመን ነገርኩት፤ የንባቡን ቃል፣ ከዚያ የአለቃን። ብርቱካን የነገረችኝን አልነገርኩትም፣ በማርያም ብላኛለች። ወንድሜ መጋረጃውን ይዞ እስክጨርስ ሰማኝ።

«የሙት ወሬ ይዘሽ መጣሽ» አለ።

«ወሬ አይዶለም፣ ጋሼ። ተጽፏል።»

«መንግስቴ ደግ ሰው ነበር። አገር የመሰከረለት።»

«ደግ ነበር። ደግ ሆኖ ነው የመለሳት።»

እጆቹን አየ፣ ሁለቱንም፣ አገላብጦ። በውጭ የግራዝማች ፈንታው ሳል ተሰማ። «መጡ» ብሎ ወጣ።

ግራዝማች አግዳሚዋ ላይ ተቀመጡ፤ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌ። ዋለ በመጨረሻ ገባ። አዲስ ኮት ለብሷል፤ በአንድ እጁ አረቄ፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ ኩታ ይዟል፣ ለአማቱ የሚሆን። ጎንበስ ብሎ የሁሉንም ጉልበት ሳመ። ዋለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው ሰው በከተማው የለም፤ አቡጀዲ ሲለካ እንኳ ከክንዱ ጣት ጨምሮ የሚሰጥ ነው። ውብነሽ ጠላ ቀዳች። ግራዝማች ጠላውን ቀምሰው፣ «ሽማግሌ በደረቁ ያስታረቀው ነገር ሳይውል ይሰነጠቃል» አሉና ሌላ አስቀዱ፤ ስለ ስማዳ መንገድ፣ ስለ በቅሎ ዋጋ፣ ዘንድሮ ገብሱ ስለ መታው ውርጭ ተወራ። እኔና ብርቱካን ከመጋረጃው ጀርባ ነን። ወደ ነገሩ ሲገቡ ዋለ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«በድያለሁ። እጄን ሰይጣን ያዘው እንጂ ልቤ አልነበረበትም።»

«ሰይጣንም በየቤቱ እጅ ሲይዝ ደከመ» አሉ ግራዝማች። ሳቅ ሆነ። ዋለም አብሮ ሳቀ። ደሴ አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፤ ካሳው ኩታና ለልጅቱ አንድ ቀሚስ ተባለ፣ ዋለ ሁለት ይሁን አለ። «እንግዲህ ዋሱ ያው ነው» አሉ ግራዝማች። «ልጁ እዚህ ወገን የለውም። አባቷ ባለፈው እንደ ሆነ፣ አሁንም ያድሳል። ልጅቱ ትውጣና የአባቷን ጉልበት ትሳም፣ ይለቅ።»

ብርቱካን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ቀረሁ። በሽማግሌዎቹ ፊት ስትቆም አባቷ በግራዋ ሆነ። መሬት መሬት ታያለች። ቆርቆሮው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ደሴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሽማግሌ ፊት አባት ልጁን በማይጠይቅበት አጠያየቅ፣ «ልጄ፣ መመለስ ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ዝም።

«ብርቱካን። አንቺን ነው።»

ዝም። አንደኛው ሽማግሌ «ዝም ማለት እሺ ማለት ነው» አሉ። ዋለ ኩታውን ከወረቀቱ መፍታት ጀመረ። የወንድሜ ፊት ደም ለበሰ፤ ድንጋይ ሆናለች ሊል እንደ ሆነ አውቃለሁ። ሴት ሽማግሌ መሀል አትናገርም። እኔም በማርያም ተለምኛለሁ። ግን ማርያም ደጅ ደርሼ የመጣሁ ነኝ።

«ጋሼ» አልኩ ከመጋረጃው። «በዚያኛው በኩል ንገራት። በዚህኛው ጆሮዋ አትሰማም።»

ዋለ እጁን ኩታው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ደሴ ተነሣ። በሽማግሌዎቹ ፊት አልፎ፣ ዞሮ በቀኟ ቆመና ጎንበስ አለ። ምን እንዳላት አልሰማንም። እሷ ግን ፊቷን ቀና አድርጋ በሚሰማ ድምፅ፣ «ከኅዳር ሚካኤል» አለችው። ሻሿን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። መልሶ ሸፈነው፤ ለሕፃን ልብስ እንደሚያለብስ ሰው ነው የሸፈነው።

ወደ መደቡ ተመለሰ፤ አልተቀመጠም። «ግራዝማች፣ ከዋስነቴ አውርዱኝ» አለ።

«ደሴ፣ ረጋ በል። አንተ ከወረድክ ይህ ልጅ ዋስ የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«የልጅህ ቤት ይፈርሳልኮ።»

«ዋሱ እኔ ነበርኩ፣ ግራዝማች» አለ ደሴ። «ስትመታ ዋሱ እኔ ነበርኩ።»

ግራዝማች ጠላቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ሁለቱን ሽማግሌዎች በዓይን ጠየቁና «ወርደሃል» አሉ። ዋለ ኩታውን መልሶ በወረቀቱ ጠቀለለ፤ እጥፉን በመስመሩ ነው የመለሰው፣ ነጋዴ ነው። አረቄውን እዚያው ተወው። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ አሁንም ድምፁን ሳያነሣ፣ «ሳጥኗ እኔ ቤት ነው። የሚደፍር ይምጣና ይውሰድ» አለ። ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ሲወጡ የመረቀ የለም።

አራታችን ቀረን። ውብነሽ የጠላውን ዋንጫ ሰብስባ መልሳ አስቀመጠችው። ሳጥኗ ደሴ ራሱ ሲድራት ያሠራው ነው፣ የዝግባ፣ ባለ ቁልፍ። የዋለ ሱቅ ከገበያው ወዲያ ማዶ ነው፤ ወደዚያ ሄዶ የሚመለስ ሰው ከተማውን ሁሉ ማለፍ አለበት። ነገ ደግሞ ገበያ ነው፤ ከእስቴም ከስማዳም ሰው ይመጣል። ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ የልጁን ሳጥን አህያ ላይ ጭኖ በዚያ መሀል ሲጎትት መታየቱ፣ ዋስነቱ እንደ ፈረሰ በአደባባይ ማስነገር ማለት ነው።

«ጎህ ሳይቀድ ሳጥኑ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይምጣ» አለች ውብነሽ። «ሰው ልኮ ማስመጣትም ይቻላል።» ደሴ ከቅድም ጀምሮ ተመልሶ በብርቱካን ግራ፣ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

ብርቱካን ወደ እናቷ ነው የተናገረችው። «በቀን ነው የወሰዳችሁኝ፣ እማ። በከበሮ። በገበያው መሀል። ሳጥኔ በጓሮ አይምጣ። የሰረቅሁት አለ እንዴ?»

ደሴ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። ከመጋረጃው ሥር ሆኜ አየዋለሁ፤ ፊቱ ላይ አያቴን አየሁ፣ እንዝርቷ የቆመ ጊዜ። በመጨረሻ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የተናገረውን እኔ ሰማሁ፣ ውብነሽም ሰማች፤ ብርቱካን ግን በሩን እንዳየች ናት። ይህን ሲያይ ተነሣ። ዞሮ በቀኟ በኩል መጣና በርጩማዋ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ አባቷ መሬት ላይ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

«እሺ» ብሎ ደገመላት። «ነገ ገበያው ሲሞላ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።»